ባንኮኒው ላይ የሚሠራ የቤት ሥራ፦ ለካትሌሆንግ ባለሱቆች የቀረበ ጥሪ

ይህ ጥሪ በደቡብ አፍሪካ፣ በካትሌሆንግ፣ በቶኮዛና በቮስሉረስ ሎኬሽኖች ሱቅ ከፍተን ለምንሠራ ኢትዮጵያውያን ነው። ጆሃንስበርግ ጂፒ ላይ በጅምላ የሚያከፋፍሉትን፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክመው ከቤት ቤት በዱቤ የሚያዞሩትንም ይመለከታል። የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም። አስከሬን ወደ አገር ለመሸኘት፣ ሱቁ የተዘረፈበትን ወንድም ለማቋቋም፣ የታመመን ለማሳከም ማዋጣት ድሮም ያልቦዘንበት ነገር ነው። አሁን የምጠይቀው በሳምንት አንድ ሰዓት፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ ማስመሪያና ተማሪ ሳለን የተማርነውን ጂኦሜትሪ ነው። የሰፈሩን ልጆች፣ የራሳችንንም ጭምር፣ የቤት ሥራቸውን እናግዛቸው።

«ጂኦሜትሪ ምን የተለየ ነገር አለው? ሒሳብ ሁሉ ያው አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም፤ እዚህ አገር ደግሞ በጭራሽ አይደለም።

ነገሩ ሥር አለው። የባንቱ ትምህርት ሕግ በወጣበት በ1953 እ.ኤ.አ. የአገሬው ተወላጆች ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሄንድሪክ ቨርዉርድ፣ ጥቁር ልጅ ሥራ ላይ ለማያውለው ነገር ሒሳብ መማሩ ምን ይረባዋል ብሎ ፓርላማ ፊት ጠይቋል። ካትሌሆንግ በዚያን ጊዜ ከተቆረቆረች ገና ስምንት ዓመቷ ነበር። ጥያቄው ጥያቄ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በጀትም፣ የመምህራን ሥልጠናም፣ የመማሪያ መጽሐፍም ሆኖ ለአርባ ዓመት ያህል ሠርቷል። ሒሳብ በቅጡ ያልተማረ ሰው ሒሳብ እንዲያስተምር ተደረገ፤ እሱ ያስተማረው ደግሞ በተራው መምህር ሆነ።

አፓርታይድ ከወደቀ በኋላም ጂኦሜትሪን ሌላ ዕጣ ገጠመው። በ2006 እ.ኤ.አ. አዲስ ሥርዓተ ትምህርት አሥረኛ ክፍል ሲገባ፣ ቲዎረም እየጠቀሱ ማረጋገጥን የሚያስተምረው የኤውክሊድ ጂኦሜትሪ ከግዴታው ወጥቶ «ሦስተኛ ወረቀት» በተባለ የውዴታ ፈተና ውስጥ ተቀመጠ። ውዴታ ሲሆን ምን እንደሚመጣ እናውቃለን። ጥሩ መምህር ያለው ትምህርት ቤት ቀጠለበት፤ የሎኬሽን ትምህርት ቤት በአብዛኛው ተወው። ከ2008 እስከ 2013 ማትሪክ የተባለውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የተፈተኑት ተማሪዎች አብዛኞቹ በዚህ ሁኔታ አለፉ። ከዚያ ካፕስ የሚባለው ሥርዓተ ትምህርት በ2012 መጣና ጂኦሜትሪን መልሶ ግዴታ አደረገው፤ ከ2014 ጀምሮ ማትሪክ ላይ ማንም አያመልጠውም። ዛሬ በሁለተኛው የሒሳብ ወረቀት ከ150 ነጥብ ከሩብ በላይ የሚሆነው ከኤውክሊድ ጂኦሜትሪና ከልኬት የሚመጣ ነው።

እስቲ አሁን ዕድሜ አስሉ። በእነዚያ ዓመታት ማትሪክ የጨረሱት ሰዎች ዛሬ ሠላሳዎቹ ውስጥ ናቸው። የስምንተኛና የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እናቶች፣ አጎቶች፣ አክስቶች ማለት ናቸው። ልጁ ደብተሩን ይዞ ቤት ሲገባ እናቱ ዝም የምትለው ሰንፋ ወይም የልጇ ነገር ግድ ሳይሰጣት ቀርቶ አይደለም፤ ጂኦሜትሪን በዘጠነኛ ክፍል ከነካካችው በኋላ ዳግም አላየችውም። አንዳንዱ ወጣት መምህርም ራሱ ሳይማረው ነው ሰሌዳ ፊት የቆመው። ቲምስ የተባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብና የሳይንስ ምዘና በ2019 ሲደረግ መሠረታዊ የሒሳብ ዕውቀት ያሳዩት የደቡብ አፍሪካ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች 41 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሱቃችን ደጃፍ ቺፕስ ከሚገዙት ዐሥር ልጆች ስድስቱ ያ መሠረት የላቸውም ማለት ነው።

እኛስ? ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ያውቃል። በእኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲተከል ሆሳዕናም፣ ዱራሜም፣ ሶዶም፣ አዲስ አበባም ያለነው ተማሪዎች በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ትምህርት ከሳተላይት መከታተል ጀመርን። ያ የሒሳብ ትምህርት የተቀረጸው የት ነበር? እዚሁ ደቡብ አፍሪካ! አነጋገሩ ግር ይለን የነበረው የፕላዝማ መምህር የዚህ አገር አነጋገር ስለነበረው ነው። ደቡብ አፍሪካ ጂኦሜትሪን ለገዛ ልጆቿ ውዴታ ባደረገችበት ዘመን፣ በምድሯ ላይ የተቀረጸ ትምህርት ለእኛ ስለ ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖችና ስለ ክብ ቲዎረሞች ያስረዳን ነበር። አሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የተፈተነ ሰው ሁሉ ይህን ሳይነካ አላለፈም። ከፕላዝማ በፊት የተማሩት ታላላቆቻችን ደግሞ ከእኛ የበለጠ እንጂ ያነሰ አያውቁም፤ ከመካከላቸው አገር ቤት ሳሉ አስተማሪ የነበሩ፣ ጠመኔውን አስቀምጠው በሞያሌ በኩል የወጡ ጥቂት አይደሉም። ዛሬ ባንኮኒ ጀርባ ቆመው ዳቦ ይሸጣሉ። ሙያቸው ግን አልጠፋባቸውም።

ስለዚህ በካትሌሆንግ አንድ መንገድ ላይ፣ በፍርግርግ ብረቱ በአንዱ በኩል ጂኦሜትሪ የሚያውቅ ሰው ተቀምጧል፤ በሌላው በኩል ጂኦሜትሪ የቸገረው ልጅ ቆሟል። በመካከላቸው ያለው ርቀት የአንድ ክንድ ያህል ነው።

ማገዝ ግን ወግ አለው። ፕላዝማ ምን እንዳደረገን እናስታውስ። ጥያቄውን ያወጣና «አሁን ሥሩ» ይላል፤ እርሳሳችንን ሳናነሳ ጊዜው አልቋል ብሎ መልሱን ያሳያል። «አልገባኝም» ብትለው አይሰማም፤ «ወደ ኋላ መልስልን» ብትለው አይመለስም። እኛም ልጁን እንዲህ ብናደርገው ካለማገዝ ይብሳል። ቁጥሩን ነግሮ መሸኘት ለባለሱቅ ይቀለዋል፤ ገበያ አለ፣ ሰልፍ አለ። ልጁም ደስ ብሎት ይሄዳል። በማግሥቱ ፈተናው ላይ ግን ብቻውን ነው። መልስ ለመስጠት ብቻ ጊዜ ያለው ሰው ጭራሽ ባይጀምረው እመርጣለሁ።

አንድ ጥያቄ እንውሰድ፤ የስምንተኛ ክፍል ነው። ሀለሐ የሚባል ሦስት ማዕዘን ተስሏል። ሀለ እና ሀሐ በተባሉት ጎኖች ላይ ትንንሽ ጭረቶች አሉ። ከላይ ያለው የሀ ማዕዘን 40 ዲግሪ ነው። ከታች ያለው ለሐ መስመር ሐን አልፎ እስከ መ ድረስ ተዘርግቷል። የተጠየቀው ከሦስት ማዕዘኑ ውጪ ያለው ሀሐመ የተባለው ማዕዘን ነው። ልጁ 140 ብሎ ጽፏል።

አታጥፉበት። 140 ከየት መጣ? 180 የሚባል ቁጥር እንዳለ ያስታውሳል፤ የተሰጠው 40 ነው፤ ቀነሰ። ያላየው ነገር 40 ዲግሪው ላይኛው ጫፍ ላይ መሆኑንና በቀጥታው መስመር ላይ አለመቀመጡን ነው። ይህን መንገር ሳይሆን ማሳየት ያስፈልጋል፤ ማሳየትም ሳይሆን መጠየቅ። «የተጠየቀውን ማዕዘን በጣትህ አሳየኝ።» ጣቱን ያስቀምጣል። «ከሱ ጋር አብሮ ቀጥታ መስመሩን የሚሞላው ጎረቤቱ የቱ ነው?» ውስጥ ያለውን የሐ ማዕዘን ያገኘዋል። «እሱን ታውቀዋለህ?» አያውቀውም። «እነዚህ ጭረቶችስ ምን ሊነግሩን ነው የተሳሉት?» እዚህ ላይ ዝም ማለት ግድ ነው። ሻይ ቅዱ፣ ዳቦ ሽጡ፣ ብቻ አትናገሩ። ብዙ ልጆች ጭረቶቹን ጌጥ ይመስሏቸዋል፤ ሁለቱ ጎኖች እኩል ናቸው ማለት መሆኑ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ታዩታላችሁ። ጎኖቹ እኩል ከሆኑ ከፊት ለፊታቸው ያሉት የለ እና የሐ ማዕዘኖች እኩል ናቸው። ከ180 ላይ 40 ሲነሳ 140 ይቀራል። ያ የልጁ 140 ከንቱ አልነበረም፤ የሁለቱ ማዕዘኖች ድምር ነው። ለሁለት ሲካፈል 70፤ ከቀጥታው መስመር 180 ላይ 70 ሲነሳ 110።

አላለቀም። «110» ብቻ ተጽፎ ከቀረ የዚህ አገር አራሚ ነጥብ ይቀንሳል። እያንዳንዱ መስመር አጠገብ ምክንያቱ መጻፍ አለበት፤ ምክንያት ራሱን የቻለ ነጥብ አለው። እኩል ጎኖች ከፊታቸው እኩል ማዕዘን አላቸው፤ የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር 180 ነው፤ በቀጥታ መስመር ላይ የተደረደሩ ማዕዘኖች ድምር 180 ነው። ልጁ እነዚህን በእንግሊዝኛ፣ መምህሩ በሚፈልገው አጻጻፍ ማስፈር ይኖርበታል፤ አጻጻፉን ከደብተሩ እሱ ራሱ ይፈልግ። ሲጨርስ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ ወይ በሉት። ውጫዊው ማዕዘን ከሱ ራቅ ያሉት የሁለቱ ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር ነው፤ 40 ሲደመር 70 ያው 110። በሁለት መንገድ አንድ ቦታ የደረሰ ልጅ መልሱን ከማንም አይጠይቅም።

ሌላ የተለመደ ወጥመድ በዓይን ማመን ነው። ሥዕሉ ላይ ቀጥ ያለ የመሰለውን ሁሉ 90 ዲግሪ ብሎ መጻፍ። የፈተና ሥዕል ሁልጊዜ በልኬት አይሳልም፤ አንዳንዴ ሆን ተብሎ ነው። «90 መሆኑን በምን አወቅህ?» የምትለዋን ጥያቄ ከአፋችሁ አትለዩ።

ሱቃችን ራሱ ደግሞ ከየትኛውም ክፍል የተሻለ የማስተማሪያ ዕቃ ሞልቶታል። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች የሲሊንደር ገጽታ ስፋትን በሽምደዳ ይይዙና ወዲያው ይረሱታል። አንድ የአሣ ቆርቆሮ አውርዱና ዙሪያውን የለበሰውን ወረቀት በምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ ቅደዱት። ባንኮኒው ላይ ሲዘረጋ አራት ማዕዘን ነው። ከፍታው የቆርቆሮው ከፍታ፣ ርዝመቱ የክቡ ዙሪያ። ክቡን መሃል ለመሃል የሚያቋርጠው መስመር (ዲያሜትሩ) 7 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 22 ገደማ ይሆናል፤ ከፍታው 11 ከሆነ ወረቀቱ 242 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ላይና ታች ያሉትን ሁለት ክቦች መጨመር ለልጁ ተዉለት። 

ስፋትና ዙሪያ የሚምታታበት ልጅ ካለ ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ ሰው ዕድለኛ ነው። ወለሉን 6 ሜትር በ2.4 ሜትር ብላችሁ ያዙት። 40 ሳንቲ ሜትር በ40 የሆነ ሴራሚክ ስንት ይፈጃል? በርዝመቱ 15፣ በወርዱ 6፣ በጠቅላላው 90። የዘኮሎውስ? ዘኮሎ ግድግዳውን እየተከተለ የሚሄድ ስለሆነ የሚፈለገው ዙሪያው ነው፤ 16.8 ሜትር፣ የበሩ ሲቀነስ። አገር ቤት የግንበኛ ረዳት ሆኖ የሠራ ሰው ደግሞ 3፣ 4፣ 5 የምትለዋን ዘዴ አይረሳትም። ከአንዱ ክር 3 ሜትር፣ ከሌላው 4 ሜትር ለክተህ ጫፍ ለጫፍ 5 ከሞላ የቤቱ ማዕዘን ስኳድራ፣ ማለትም ልክ 90 ዲግሪ ነው። ፓይታጎረስ የሚለው ስም ልጁን ካስፈራው በዚህ ጀምሩለት። ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ እስክንድርያ ተቀምጦ ይህንኑ በማስረጃ አጸናው፤ የጻፈው አፍሪካ ምድር ላይ መሆኑንም ጣል አድርጉላቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

እንግሊዝኛዬ አይበቃም የሚል አለ። የሎኬሽን ልጅ በአብዛኛው እስከ ሦስተኛ ክፍል በዙሉ ወይም በሴሶቶ ሲማር ቆይቶ አራተኛ ላይ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ ነው፤ እኛም በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ጀምረን ነው የተሻገርነው። ለእሱም ለእኛም ቋንቋው ሁለተኛ ነው። ሥዕል ፊት ለፊት ተቀምጦ በጣት እየጠቆሙ ለመነጋገር ባንኮኒ ላይ የምንሸጥበት ዙሉና እንግሊዝኛ ይበቃል።

ጊዜ የለኝም የሚለው ሰበብ አይደለም፣ እውነት ነው። ንጋት የተከፈተ ሱቅ ማታ ነው የሚዘጋው። ነገር ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት፣ ሠራተኛው በታክሲ ከመመለሱ በፊት፣ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ሁላችንም ስልካችን ላይ የምናፈጥበት ሰዓት ነው። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ አምስት ሱቆች ተራ ቢይዙ ለእያንዳንዱ በሳምንት አንድ ቀን ይደርሰዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው። በ2008፣ በ2015፣ በ2019 በጆሃንስበርግና በዙሪያዋ በውጭ አገር ሰዎች ላይ የደረሰውን ጥቃትና ዘረፋ የማያስታውስ የለም። ሱቁ የተዘረፈበት ሰው «ልጆቻቸውን ላስተምርላቸው?» ቢል አልፈርድበትም። በ2024 መጨረሻ በሶዌቶ ናሌዲ ስድስት ሕፃናት በተባይ መርዝ ካለቁ በኋላ በሎኬሽን ሱቆች ሁሉ ላይ የወደቀው ጥርጣሬና የሱቆች ምዝገባ ጣጣም ገና ትኩስ ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ልጆችን ማስጠናት ሱቅን ከዘረፋ ያስጥላል ብሎ የሚጀምረው ካለ አሁኑኑ ይተወው። የተቆጣ ሕዝብ ሲመጣ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ በር ላይ ቆሞ አይመልሰውም፤ እንዲህ ያለ ሸክምም በልጅ ላይ አይጫንም። የምናግዘው የምንበላው ከዚህ ሰፈር ስለሆነ ነው። የእኛም ልጆች እዚሁ ተወልደው እዚያው ክፍል፣ እዚያው ወንበር ላይ ስለሚቀመጡ ነው። የእኔን ልጅ አስጠንቼ አብሯት የመጣችውን ጓደኛዋን «አንቺ ቺፕስሽን ግዢና ሂጂ» የምል ሰው ከሆንኩ ያስተማርኩት ሒሳብ አይደለም።

ጥንቃቄ ግን ግዴታ ነው፤ ይህን ክፍል የሚዘል ሰው ከናካቴው አይጀምር። ልጅ ከፍርግርጉ ወዲህ፣ ሱቅ ውስጥ ወይም መጋዘን አይግባ። ሁሉም ሰው በሚያይበት ደጃፍ፣ ሁለትና ሦስት ሆነው፣ ብርሃን ሳለ ይሁን። እናት ወይም አያት አስቀድማ ታውቅ። ለማስጠናቱ ክፍያ አይጠየቅ፤ ዕቃ ለሚገዛም ለማይገዛም እኩል ይሁን፤ ከረሜላ በሽልማት አይሰጥ፣ ነገ ሌላ ስም ይወጣለታል። ነገሩ ሰፍቶ በአዳራሽ የሚካሄድ ከሆነ ደግሞ የአገሩ የሕፃናት ሕግ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው በሕፃናት ጥበቃ መዝገብ እንዲጣራ ያዛል፤ ትምህርት ቤቱን ጠይቃችሁ በሥርዓቱ ሂዱ። ትምህርት ቤቶቹም የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት አላቸው፤ የእኛ ሥራ ልጁን ከዚያ ማስቀረት ሳይሆን ዝግጁ ሆኖ እንዲሄድ ማድረግ ነው። መጽሐፍ ያጣ ካለ ሲያቩላ የተባለው ድርጅት ያዘጋጃቸው የሒሳብ መጻሕፍት በስልክ በነፃ ይነበባሉ።

አገራችን ይህን ሥራ ታውቀዋለች። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ተብሎ ወጣቱ በየቀበሌው ፊደል ያስቆጠረው አባትና እናቱን፣ ጎረቤቱን ነበር። ያን ዘመን በሌላ ሥራው የሚያማው ብዙ ነው፤ እኔም አማዋለሁ። የተማረ ሰው ዕዳ አለበት የሚለው ሐሳብ ግን የደርግ ፈጠራ አይደለም፤ ከደርግ በፊት የቆሎ ተማሪ ታናሹን ያስጠና ነበር።

እንግዲህ ለእድሮችና ለዕቁቦች ሰብሳቢዎች፣ ለአብያተ ክርስቲያናቱና ለመስጊዶቹ አስተባባሪዎች፦ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን በአጀንዳ አስይዙ። ከመካከላችሁ አገር ቤት መምህር የነበሩትን ለዩና በየመንገዱ ተራውን እነሱ ያደላድሉ። በስምንተኛና በዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጀምሩ። ልጁ አሥረኛ ክፍል ሲገባ በአብዛኛው ሒሳብ ወይም ሒሳባዊ መሠረተ ትምህርት ከሚባሉት አንዱን ይመርጣል፤ ሁለተኛውን የመረጠ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምሕንድስና አይማርም። ምርጫው የሚወሰነው ዘጠነኛ ክፍል መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን ወራት ስጧቸው።